የጋሽ አባይነህ ቀይ እስክሪብቶ

የአዲስ መጽሐፍ ሽታ ደስ ይላል የሚል ሰው ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። መጽሐፍ የሚሸተው ኮላ፣ ቀለም፣ የማሽን ዘይትና የኦፕሬተሮች ብብት ነው። አንባቢው ቤት እስኪደርስ ይሄ ሁሉ ተነፍሶ ያልቅ ይሆናል፤ ከኔ አፍንጫ ግን ወጥቶ አያውቅም። ውስጡ የተጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሽታው ይብሳል።

ስሜ ሴና ነው። ላፍቶ ውስጥ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ነኝ፤ ደራሲ ያመጣውን ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ አስተካክዬ የመጽሐፍ መልክ አስይዛለሁ። ማተሚያ ቤቱ የቆመበት ቦታ ድሮ የአጎቴ የነገሪ የጤፍ ማሳ ነበር። አጎቴ በዚያ ባለፈ ቁጥር ግንቡን አየት አድርጎ እዚህ ጋ ጥሩ ጤፍ ነበር ይላል። እኔም የምናትመውን ሳይ ጤፉ ይሻል ነበር እላለሁ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ቃል የሚወድ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አራሚያችን ጋሽ አባይነህ ናቸው። ድሮ ደብረ ማርቆስ አካባቢ አማርኛ ያስተምሩ ነበር አሉ። ከዚያ አዲስ አበባ መጥተው መካኒሳ አቦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራዩና ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ስህተት ሲያርሙ ኖሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጃቸው ሐዋሳ ናት፤ በዓል በዓል ትደውላለች። አንድ ቡናማ ኮት አላቸው፤ ደረት ኪሱ በቀይ ቀለም ተበላሽቷል፤ ምሳቸው ሁልጊዜ ዳቦና ሙዝ ነው።

ሥራቸውን ሳያዩ እኚህን ሰው ማወቅ አይቻልም። ጽሑፉ በርካሽ ወረቀት ይወጣላቸዋል፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። የፊደሉን ስህተት ያርሙና አይበቃቸውም። ደካማ ቃል ካገኙ ይሰርዙና ከላይ በቀይ ሌላ ይጽፋሉ። እርማቱን እኔ ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። ከዚያ በንጹሕ ታትሞ ለደራሲው ይሰጣል፤ ደራሲው አንብቦ የተቀበለውን እንዳለ ትቶ ያልወደደውን ይሰርዝና መጨረሻው ገጽ ላይ «ይታተም» ብሎ ይፈርማል። ደንቡ ይሄ ነው። ጋሽ አባይነህ ይህን ደንብ እንደ ሃይማኖት ነበር የሚያምኑበት። አራሚ ያቀርባል፣ ደራሲ ይወስናል ይሉኝ ነበር።

ቀይ እርማት ያለባቸው ወረቀቶች ሥራው ሲያልቅ ካርቶን ውስጥ ይጣላሉ። ካርቶኑ ሲሞላ በር ላይ ቆሎ ለምትሸጠው ለገዲሴ እሰጣታለሁ፤ እሷ ቆሎ ትጠቀልልባቸውና ለኔ አንድ ሁለት ጥቅል ታቀምሰኛለች። እኔ ከመምጣቴ በፊትም የነበረ ልማድ ነው። የሀገሩን ልብ ወለድ መጀመሪያ የሚያነበው ቆሎ የሚበላ ሰው ነው እያልን እንስቅ ነበር።

ጋሽ አባይነህ ዝናብ ዘነበ የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ፊታቸው ኮምጣጣ ሎሚ የነከሰ ሰው ፊት ይሆናል። አካፋ ነው? አንጠባጠበ ነው? ዶፍ ነው የወረደው? ዝናብ ዝም ብሎ አይዘንብም ይላሉ። ታክሲ ውስጥ የሰሙትን ቃል ሳይወርዱ በፊት መዳፋቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ቢሮ ሲደርሱ ወደ ደብተር ይገለብጡታል። እኔ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛዬን ስሳሳት የሚስቁብኝ ብዙ ነበሩ። እሳቸው አልሳቁም። በላፍቶ ኦሮምኛ ለዚህ ምን ትላላችሁ ብለው ይጠይቁኝና የኔንም ቃል ደብተራቸው ላይ ያሰፍሩ ነበር። አማርኛን ያስወደዱኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ የሠራሁት ሥራ ምን ያህል እንደሚያስጠላ እንዲታወቅ ነው።

የራሳቸው ልብ ወለድ ነበራቸው። አሥራ ስምንት ዓመት የጻፉት፣ አራት ደብተር የሞላ፣ የአንድ ፋብሪካ ዘበኛ ታሪክ። ዘበኛው ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ሠራተኞቹን በኮቴያቸው መለየት ይጀምራል፤ ማን እንዳረገዘች፣ ማን እንደተባረረ፣ ማን ሐዘን እንደገባው ከእግር ድምፅ ብቻ ያውቃል። ሌላ ብዙ ነገር አይሆንም። እኔ እያነበብኩ አልቅሻለሁ፤ እኔ ደግሞ ለመጽሐፍ አላለቅስም።

የማተሚያ ቤታችን ባለቤት እትዬ ፀሐይወርቅ፣ ጋሽ አባይነህ ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው በሰኔ ጡረታ ሲወጡ ያንን መጽሐፍ በስጦታ ሊያትሙላቸው ቃል ገብተው ነበር። ጋሽ አባይነህም ከዚያ በላይ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ነገር አልነበረም። ኬክም፣ የግድግዳ ሰዓትም እንዳይገዛላቸው ለምነዋል።

ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ጆኒ መጣ።

ጆኒ በየአዳራሹ እየዞረ ስለ ስኬት የሚሰብክ ሰው ነው። ወንበር ላይ አስቁሞ «እችላለሁ» የሚያስብል ዓይነት። አንድ ቀን ልብ ወለድም እችላለሁ አለና በስልኩ የጻፈውን ይዞ መጣ፤ «ፍቅር በአምስተኛው ፎቅ» ይባላል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ሀብታምና አንዲት ሳራ የምትባል ልጅ ይዋደዳሉ፤ ሳራ በጣም ቆንጆ ነበረች፣ ቁንጅናዋም በጣም ይገርም ነበር፣ ዝናቡም ይዘንብ ነበር። ሦስት መቶ ገጽ እንዲህ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ወረቀቱን ከነካሁ በኋላ እጄን የታጠብኩባቸው ቀናት ነበሩ።

ጆኒ ረቂቁን ጋሽ አባይነህ ጠረጴዛ ላይ ጣለው፤ አላስቀመጠውም፣ ጣለው። ከዚያ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ «ፋዘር፣ አንተ ዝም ብለህ ቅመም ጣል ጣል አድርግበት» አላቸው። እድሜያቸውን ለቃል የሰጡ ሰው፣ አንተ ተብለው፣ ቅመም ጣይ ተደረጉ። እሳቸው ኮታቸውን አስተካክለው እሺ አሉ።

መጀመሪያ ቃል ነበር የሚቀይሩት። ቀጥለው ዓረፍተ ነገር። ከዚያ የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ ጋ ደረሱ። ጆኒ ይህን ዘበኛ ያመጣው ለሀብታሙ መኪና በር እንዲከፍት ብቻ ነው፤ ስም እንኳ የለውም። ጋሽ አባይነህ እዚያ ገጽ ላይ ግማሽ ቀን ቆዩ። በማግስቱ እርማቱን ላስገባ ስቀመጥ ኅዳጉ ዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኗል፤ ከጀርባው ሌላ ወረቀት በስቴፕለር ተያይዟል። ሳነበው ዘበኛው የሳቸው ዘበኛ ነው። ኮቴ ያዳምጣል።

ምነው ጋሼ፣ ይሄ የራስዎ አይደለም ወይ አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ዘበኛ እኮ ሰው ነው። እንዲህ ሬሳ ሆኖ በር ሲከፍት እያየሁ ማለፍ አቃተኝ። ልጁ ሲያነበው የሱ አለመሆኑን ያውቅና ይሰርዘዋል፤ ግን ዘበኛ እንዴት እንደሚጻፍ አይቶ ራሱ ይጽፈዋል። ደራሲ የራሱ ያልሆነውን ይለያል።»

አራሚ ብቻ የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደራሲ የተባለ ሁሉ የራሱን መጽሐፍ ያነባል ብለው ያምኑ ነበር። እንዲህ እያሉ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ገባ። እኔም በዚሁ እጄ አስገባሁት። ጆኒ ንጹሑ ቅጂ ሲሰጠው በአውራ ጣቱ ፈርፈር አደረገው፣ ሽፋኑ ላይ የተሳለችውን የምታለቅስ ሴት አየና ቆንጆ ናት አለ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ «ይታተም» ብሎ ፈረመ። ሁሉም ተደምሮ ማኪያቶ ጠጥቶ የማይጨርስበት ጊዜ ነው የፈጀው። ጋሽ አባይነህ ያን ዕለት ፈቃድ ወስደው ሐኪም ጋ ነበሩ። ሲመለሱ ወረቀቱ ማሽን ላይ ወጥቷል።

የመጽሐፍ ምረቃ ሄዳችሁ የማታውቁ ከሆነ አትሂዱ። ሁላችንም ተጠርተን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተሰበሰብን። መጽሐፉን ያላነበቡ ሰዎች መጽሐፉን ላላነበቡ ሰዎች ስለ መጽሐፉ ይናገራሉ። ዋሽንት ይነፋል። አንዱ በትውልድ አንዴ የሚመጣ ብዕር አለ፤ ጆኒ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሐያሲ ተነሡ። እኚህኛው አንብበዋል፤ አብዛኛውን እንዳልወደዱት ከድምፃቸው ያስታውቃል። ግን አንድ ምዕራፍ አለ አሉና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦

«ጫማ አይዋሽም። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሐዘኑን ደብቆ ይወጣል፤ ጫማው ግን ሐዘኑን እየጎተተ ከኋላው ይመጣል።»

 ከዚያ ጭብጨባው ወረደ። ጋሽ አባይነህ ከጎኔ እጃቸውን ጉልበታቸው መሀል ከትተው ተቀምጠው ነበር። ኮታቸውን ሌላ ሰው ለብሶት እንዳዩት ዓይነት ነበር ፊታቸው። ጆኒ ሊያመሰግን ወጣ፤ ፈጣሪን፣ እናቱን፣ ስፖንሰሩን፣ የኬኩን ባለሙያ ሳይቀር አመሰገነ። አራሚውን አልጠራም። 

ያቺ ዓረፍተ ነገር ክንፍ አወጣች። በፌስቡክ ዞረች። በቲክቶክ አንዲት ልጅ እያለቀሰች አነበበቻት። አንድ ጠዋት እኔና ጋሽ አባይነህ ታክሲ ስንጠብቅ ከመካኒሳ አቦ ወደ ላፍቶ የሚሄድ ታክሲ የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፋ አየናት፦ «ጫማ አይዋሽም — ጆኒ»። ጋሽ አባይነህ አነበቡ፤ የለጠፋት ልጅ አንድ ነጥብ ስቶ ነበር፤ የሚያርሙ ያህል ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። ያን ቀን ሌላ ታክሲ ጠብቀን ሄድን።

ለምን አልተናገሩም ትሉኝ ይሆናል። ብያቸዋለሁ። አራሚ የደንበኛውን ገመና አያወጣም አሉኝ። ደግሞ የኔ ሲወጣ ሰው አንብቦ ይፈርዳል፣ ዘበኛዬን ሙሉውን ሲያይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይለያል አሉ። እምነታቸው አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር።

ሰኔ ደረሰ። የሳቸውን መጽሐፍ እኔ አቀናበርኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ገጽ አላቀናበርኩም። እትዬ ፀሐይወርቅ ደግሞ ደግ አስበው መጽሐፉ እንዲሸጥ ከጀርባ ሽፋኑ ላይ ታዋቂ ሰው አስተያየት ይስጥበት አሉ። ልማድ ነው፤ ካለዚያ ሱቅ አይቀበልም። ታዋቂ የሚሉት ደግሞ ጆኒን ነው። ላኩለት።

ጆኒ መጽሐፍ አያነብም። ግን የራሱን ጥቅስ ያውቃል፤ በየመድረኩ ይላታል። ረቂቁን ፈርፈር ሲያደርግ «ጫማ አይዋሽም» ዓይኑ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ እትዬ ፀሐይወርቅ ቢሮ ተጠራን። ጆኒ ቆሞ ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ይመታ ነበር። የዘረፈ ሰው ቁጣ አልነበረም፤ የተዘረፈ ሰው ቁጣ ነበር። ብዙ ያሰብኩበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ልጁ አልዋሸም። እሱ እንደጻፋት ከልቡ ያምን ነበር። ሁለት ዓመት ሲጨበጨብለት የማን እንደሆነች ረስቷል፤ እንዲያውም መጀመሪያም አላወቀም። ከሌባ ይልቅ እንዲህ ያለው ያንገሸግሸኛል፤ ሌባ ቢያንስ የሰረቀውን ያውቃል።

«ይሄ ሰውዬ ዕድሜውን ሁሉ የሰው ጽሑፍ ሲነካካ ኖሮ መጨረሻ ላይ የኔን ወሰደ» አለ።

ጋሽ አባይነህ በዝግታ አስረዱ። በእርማት ጊዜ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ይሰርዘዋል ብዬ ነበር፤ አልሰረዘም አሉ። ደብተሮቹንም አምጥተው ነበር። እትዬ ፀሐይወርቅ ደብተር ላይ ዛሬም ተቀምጦ መጻፍ ይቻላል አሉ፤ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ የጆኒ ሁለተኛ መጽሐፍ ማሽን ላይ ሊወጣ ወረቀቱ ተዘጋጅቷል። እርማቱ ያለበት ቀዩ ወረቀት የት አለ አሉ። ጋሽ አባይነህ ወደኔ ዞሩ። ለገዲሴ ሰጥቻታለሁ አልኩ። አሥራ ዘጠኙም ገጽ ቆሎ የሚበላ ሰው እጅ ውስጥ ተጨማዶ የትም ተጥሏል። ከዚያው ጥቅል እኔም በልቻለሁ።

«ወረቀቱ ባይኖር ሴና አለች» አሉ ጋሽ አባይነህ። «ያስገባችው እሷ ናት። ታውቃለች።»

ሁሉም አዩኝ።

ጆኒ ከሳምንት በፊት በአዲሱ መጽሐፉ የውስጥ ገጽ ላይ «የገጽ ቅንብር፦ ሴና ቦና» ተብሎ እንዲጻፍ ፈቅዶልኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ስም ሳስቀምጥ ኖሬ የራሴ ስም አንድም ቦታ ታትሞ አያውቅም። ለአጎቴ ለነገሪ ነግሬዋለሁ፤ እሱም በሠፈሩ አውርቶታል። ለዚህች ነው። ለሌላ ትልቅ ነገር ቢሆን ኖሮ ራሴን እንዲህ ባልተጸየፍኩ።

«ብዙ እርማት ነው የማስገባው፤ አላስታውስም» አልኩ።

ጋሽ አባይነህ ትንሽ አዩኝና ደብተሮቻቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ሥር አደረጉ። ሌት ተቀን ለሰው ጽሑፍ የለፉት ሰውዬ እጃቸው አመድ አፋሽ ሆነ። ዝም አይነቅዝም የሚል ተረት አለ። ውሸት ነው፤ የኔ ነቅዟል።

እትዬ ፀሐይወርቅ ፈረዱ፤ የሚመሳሰለው ገጽ ይውጣ፣ የቀረው ይታተማል። ጋሽ አባይነህ እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እንቢ ቢሉ እኔም ይቀለኝ ነበር። ጡረታ ሊወጡ አሥር ቀን ቀርቷቸዋል፤ እሺ አሉ።

ሁለት ቀን ከጎኔ ተቀምጠው የራሳቸውን መጽሐፍ አስቆረጡኝ። የጆኒን መጽሐፍ ገልጠው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ ከሱ እያዩ ከዚህ እስከዚህ ይሉኛል፣ እኔ አጠፋለሁ። ድምፃቸው ሁልጊዜ የሚያርሙበት ድምፅ ነው። አንድም ጊዜ አልወቀሱኝም። የሚጨነቁት ስለ መጋጠሚያው ብቻ ነበር፤ እዚህ ጋ አንድ ቃል ጨምሪ፣ አንባቢ እንዳይደናቀፍ፣ ስፌቱ እንዳይታይ ይላሉ። «ጫማ አይዋሽም» ጋ ስንደርስ እጄ ቆመ። እሳቸው ጠበቁኝ። ሲቆይባቸው በራሳቸው ጣት ቁልፉን ተጫኑት።

መጽሐፉ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ምረቃ አልተደረገም፣ ከጀርባው አስተያየት የለበትም። ዘበኛው አለ፤ ዓይኑ ይደክማል፣ ግን ኮቴ መስማት የጀመረበት ምዕራፍ የለም፤ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ያ ነው መጽሐፉ። የገዛ አንድ ሰው ጥሩ ነው፣ ግን ከጆኒ ዘበኛ አይደርስም ሲል ሰምቻለሁ። የጆኒም ሁለተኛ መጽሐፍ ወጣ። ስሜን አየሁት፤ ጥርት ብሎ ታትሟል። አጎቴ ገጹን ሲገልጥብኝ ትኩስ እንጀራ ላይ ዝንብ እንዳየ ሰው ዞር አልኩ።

ጋሽ አባይነህ በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው በፌስታል መጽሐፋቸውን ይዘው በየክፍሉ አደሉ፤ ለማሽን ሠራተኞቹ፣ ለዘበኛችን፣ ለገዲሴም ጭምር። የኔን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ደህና ሁኚ ልጄ አሉኝ። ልጄ ማለታቸውን አልተዉም።

ቤት ወስጄ ነው የገለጥኩት። ከሌሎቹ ይወፍር ነበር። የተቆረጠው ሁሉ ተመልሷል፤ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ ኅዳጉ ሲያንስ ጠባብ ወረቀት እየተለጠፈ፣ አሥራ ዘጠኙም ገጽ በሥፍራው፣ በዚያ በጠራ የአስተማሪ ጽሕፈታቸው። ገዲሴን በማግስቱ ጠየቅኋት፤ የሷ ንጹሕ ነው። የሁሉም ንጹሕ ነው። የተጻፈበት የኔ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለሴና፤ ስታነቢው ምናልባት ታስታውሺ ይሆናል» ይላል።

አስታውሳለሁ፣ ጋሼ። ያን ቀንም አስታውስ ነበር።